ለእንሽላሊት ሳጥን የሙቀትና የአልትራቫዮሌት አምፖል አጠቃቀም

ቢርድድ ድራገን የሚባለው የአውስትራሊያ በረሃ ጺማም እንሽላሊት፣ እንደ ሌሎች ተሳቢ እንስሳት ሁሉ ሲበርደው ፀሐይ እየሞቀ፣ ሲሞቀው ጥላ እየፈለገ የሰውነቱን ሙቀት ስለሚያስተካክል፣ በቤት ውስጥ በሳጥን ሲያዝ አምፖሎቹ በአንድ ወገን ተሰብስበው ሌላው ወገን ቀዝቀዝ ብሎ ሊተውለት ይገባል። የመሞቂያው ድንጋይ ገጽ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ቀዝቃዛው ወገን ከ28 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ይህንንም በመስታወቱ ላይ የተለጠፈ ቴርሞሜትር ሊናገር አይችልም፣ የሚለካው የግድግዳውን ሙቀት እንጂ እንስሳው የተኛበትን ድንጋይ አይደለምና።

አልትራቫዮሌት ቢ፣ ማለትም ለሰው ዓይን የማይታየውና የሞገድ ርዝመቱ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነው ጨረር፣ በቆዳ ውስጥ የቫይታሚን ዲ 3 መነሻ የሆነውን ንጥረ ነገር የሚፈጥር ሲሆን፣ ይህ ንጥረ ነገር ወደ ቫይታሚንነት የሚለወጠው በሰውነት ሙቀት ታግዞ ስለሆነ ሁለቱ አምፖሎች በአንድ ቦታ ላይ ማብራታቸው ግድ ነው። ቫይታሚኑ ሲጎድል አንጀት ካልሲየምን በበቂ መጠን መምጠጥ ስለሚያቅተው ሰውነት ከአጥንት ይወስዳል፤ መንጋጋ ይለሰልሳል፣ እግር ይጎብጣል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። በጥንቃቄ ሊከላከሉት የሚቻል ሕመም አንድን እንስሳ ለዕድሜ ልክ ሲያጎብጥ ማየት እጅግ ያሳዝናል።

የችግሩ ዋና ምንጭ ብርሃንን ከጨረር ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። አምፖሉ ደምቆ እየበራ ጨረሩ ግን ከወራት በኋላ ይደክማል፤ ተራ መስታወት ጨረሩን ከሞላ ጎደል ያግደዋል፣ የሽቦ ወንፊት ክዳንም ጉልህ ድርሻውን ያስቀራል። ስለዚህ በአልትራቫዮሌት ኢንዴክስ መለኪያ በእንስሳው ጀርባ ከፍታ መለካት ይበጃል፤ ለዚህ እንሽላሊት በመሞቂያው ላይ ከ3 እስከ 7 ያለው ንባብ ተገቢ ነው። ከመጠን ያለፈ ጨረር በአንጻሩ የዓይንን ገጽ ያቃጥላል፤ እንስሳው ዓይኑን ጨፍኖ ከተደበቀና መብል ከተወ፣ አምፖሉን አጥፍቶ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። አምፖሉ ከጎን ሳይሆን ከላይ የሚሰቀለውም የቅንድቡ አጥንት ዓይኑን እንዲጋርድለት ነው።

የሙቀት አምፖል የፕላስቲክ መያዣን ስለሚያቀልጥ በሴራሚክ መያዣ ይታሰራል፤ በራሱ ገመድ ሳይሆን በሰንሰለት ይንጠለጠላል፣ እንስሳው እንዳይነካውም በሽቦ ይከለላል። የሙቀቱን መጠን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት መለኪያው ከመሞቂያው ስፍራ ከተነቀለ፣ መሣሪያው ቅዝቃዜ ያለ መስሎት አምፖሉን ያለ ገደብ ስለሚያግለው፣ መለኪያው በጽኑ መታሰሩ በየዕለቱ ሊታይ ይገባል።