አሮጌ ሕንፃ የሚገዛ ደረጃውን ይቁጠር

በከተማ ውስጥ ትልቅ አሮጌ ሕንፃ ምንጊዜም ፈላጊ አያጣም። ግንቡ ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ቦታው መሀል ከተማ፣ ስሙም የታወቀ ነው። ቢሮ የነበረው ሆቴል፣ መጋዘን የነበረው የገበያ አዳራሽ፣ ክሊኒክ የነበረው የሱቆች መደዳ ይሆናል። ደላላው ስለ ካሬ ሜትሩና ስለ ካርታው ይናገራል፤ ገዢው ስለ ኪራዩ ይጠይቃል። «እሳት ቢነሣ ከላይኛው ፎቅ ያለው ሰው በስንት ደረጃ ይወርዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ ጥያቄ ሲዘነጋ የሚከተለውን ኪሣራ ለማወቅ የጆሃንስበርግን ታሪክ መመልከት ይበቃል።

76 ሰው ያለቀበት ሕንፃ

በጆሃንስበርግ መሀል ከተማ አልበርት በተባለው ጎዳና ላይ የሚገኘው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1954 የተሠራ ነው። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁር ሠራተኞች በከተማዋ ለመኖርና ለመሥራት የሚጠየቁትን የይለፍ ወረቀት ለማግኘት የሚሰለፉበት መሥሪያ ቤት ስለነበር ከከተማዋ ታሪካዊ ሕንፃዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ባለቤቱ የከተማው አስተዳደር ነው። የዘር መድልዎው ሥርዓት ካበቃ በኋላ ዩሲንዲሶ ለተባለ ድርጅት ተከራይቶ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት መጠለያ ሆነ። የመጠለያው ሥራ ሲዳከም ደግሞ ጠያቂ እንደሌለው ቤት ተቆጠረና መጠጊያ ያጡ በርካታ ሰዎች ገብተው ይኖሩበት ጀመር።

ነሐሴ 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ እሳት ተነሣ። ቢሮዎቹ በእንጨት፣ በካርቶንና በመጋረጃ ተሸንሽነው የመኝታ ክፍል ሆነው ነበር። ለማምለጥ ወደ ታች የሮጡት የተቆለፈ በር ገጠማቸው፤ በመስኮት የዘለሉም ነበሩ። 76 ሰዎች ሞቱ።

ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው ኮሚሽን በጡረተኛዋ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ በሲሲ ካምፔፔ ይመራ ነበር። በምርመራው ወቅት አንድ ሰው እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ ሲል ቃሉን ሰጥቶ ክስ ተመሥርቶበታል። ኮሚሽኑ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ነገሩን በአንድ ሰው ክብሪት ላይ ብቻ አልደመደመም። የከተማው አስተዳደርና ሕንፃዎቹን የሚያስተዳድርለት ኩባንያ በባለቤትነታቸው መፈጸም የነበረባቸውን ሕጋዊ ግዴታ አልተወጡም ሲል ኃላፊነት ጥሎባቸዋል። ለባለሀብት ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። «ሕንፃው በሌላ ሰው እጅ ነው» የሚለው ምክንያት ባለቤቱን ከተጠያቂነት አላዳነውም።

የተለወጠው ግንቡ አይደለም

ያ ሕንፃ መሥሪያ ቤት በነበረበት ዘመን ሰው ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣበት፣ ሁሉም ነቅቶ የሚውልበት ነበር። መኖሪያ ሲሆን ግን ሰው ሊተኛበት፣ ሊያበስልበትና ልጅ ሊያሳድግበት ገባ። የተኛ ሰው እሳት መነሣቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ግንቡና ደረጃው ያው ሆነው የሕንፃው አደጋ ግን ሌላ ሆነ። ስለዚህ «ይህ ቤት ሰባ ዓመት ምንም ሳይሆን ቆሟል» የሚለው የሻጭ ቃል ለአዲሱ አገልግሎት ዋስትና ሊሆን አይችልም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ሩቅ አይደለም። በዚያችው ከተማ የእኛ ሰዎች «ጄፒ» የሚሉት ሠፈር በኢትዮጵያውያን ንግድ የታወቀ ነው። እንደ ሜዲካል አርትስ ያሉት ፎቆች የተሠሩት ለሐኪሞች ነበር። ሐኪሞቹ መሀል ከተማውን ሲለቁ ኢትዮጵያውያን ገብተው ክፍሎቹን ወደ ትናንሽ ሱቆች በመሸንሸን ለሠፈሩ አዲስ ሕይወት ሰጡት። በንግድ ዓይን ሲታይ የሚደነቅ ሥራ ነው። ሆኖም ጥቂት ታካሚዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁበት ፎቅ እና ልብስ፣ ብርድ ልብስና ጫማ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ገዢ የሚጋፋበት ፎቅ አንድ ዓይነት ደረጃ አይበቃቸውም። በየትኛውም ከተማ ሕንፃ ወደ ሱቅ ሲለወጥ ሂሳቡ ይኸው ነው።

ጭስ የሚሄድበት መንገድ

በእሳት አደጋ ከነበልባሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድለው ጭሱ ነው። በአሮጌ ትልቅ ሕንፃ መሀል ላይ የሚታየው ሰፊና ያማረ ደረጃ በር ከሌለው እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ያገለግላል። ታች የተነሣው ጭስ በእርሱ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰው ደግሞ በዚያው ለመውረድ ይሞክራል። በኮርኒስና በጣሪያ መካከል፣ በግድግዳ ውስጥ፣ በድሮ የአየር ማስተላለፊያ ቦዮች ውስጥ ያለው ባዶ ቦታም እሳትን ከፎቅ ወደ ፎቅ ያዛውራል። በስኮትላንድ፣ ግላስጎው የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1909 የተጠናቀቀው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ2014 ሲቃጠል እሳቱ ከምድር ቤት ወደ ላይ የወጣው በእንደዚህ ዓይነት አሮጌ ቦዮች ጭምር ነው። የእሳት መከላከያ የውኃ መርጫ እየተገጠመለት ነበር፤ ነገር ግን ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

የሁለተኛው ደረጃ ሂሳብ

ባለሀብቱ ሁለተኛ ደረጃ ለመጨመር የሚያመነታው ኪራይ ይበላብኛል ብሎ ነው። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ ፎቅ 600 ካሬ ሜትር የሆነ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ እንውሰድ። ሁለተኛው ደረጃ ከነመግቢያው በየፎቁ 20 ካሬ ሜትር ቢወስድ በጠቅላላው ከ3,000 ካሬ ሜትር 100 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሱቁ በአራት አራት ካሬ ሜትር ቢሸነሸን የታጣው የ25 ሱቅ ኪራይ፣ ማለትም ከመቶ ሦስት እጅ ከሲሶ ያህል ነው። በዚህ የሚገዛው ግን አንደኛው ደረጃ በጭስ ሲታፈን በሌላው የመውረድ ዕድል ነው። ሁለቱ ደረጃዎች ተራርቀው፣ እያንዳንዳቸው እሳት በሚቋቋም ግድግዳና ራሱን በሚዘጋ በር ተከልለው ካልተሠሩ ግን እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ሌላው ሥራ ወጪው ያንሳል። ሱቆችን በቺፕውድና በጨርቅ ሳይሆን በብሎኬት ወይም እሳት በሚቋቋም ጂፕሰም መለየት፤ የመውጫ በሮች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ ማድረግ፤ መተላለፊያውን ከሸቀጥ ነፃ ማድረግና በመውጫ በር ላይ ጓጉንቸር አለማንጠልጠል ያስፈልጋል። ሌባን የፈራ ባለሱቅ የሚያንጠለጥለው ቁልፍ የጎረቤቱንም ሕይወት ይቆልፋል። ጭስ ጠቋሚና በሁሉም ፎቅ የሚሰማ ደወል፣ ከዚያም የውኃ ታንከርና ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ ቧንቧ ይከተላሉ።

«ቅርስ ስለሆነ አይነካም» የሚለው መልስም ብዙ ጊዜ ሰበብ ነው። የደቡብ አፍሪካ የ1999 የቅርስ ሕግ ከ60 ዓመት በላይ የሆነውን ሕንፃ ያለ ፈቃድ መለወጥን ይከለክላል እንጂ ለውጥን ጨርሶ አይዘጋም። ደረጃውን ከሕንፃው ጀርባ ማቆም፣ የድሮውን በር ሳይነቅሉ እሳት እንዲቋቋም ማጠናከር ይቻላል። ይህ ሁሉ ካልተፈቀደ ደግሞ በላይኛው ፎቅ የሚገባውን ሰው ቁጥር መቀነስ ግዴታ ይሆናል። ይህም ኪራዩን ስለሚነካ ፈቃዱ መጠየቅ ያለበት ከመግዛት በፊት ነው።

እድሳት ላይ ያለ ሕንፃ

አዲሱ ዲዛይን የተሟላ ቢሆን እንኳ ሥራው እስኪያልቅ ያለው ጊዜ ከሁሉም የከፋ ነው። ብየዳ አለ፣ ቀለምና እንጨት ተከማችቷል፣ ግድግዳው ተከፍቷል፣ ደወሉም አንዳንዴ ይጠፋል። የኮፐንሃገን ጥንታዊ የንግድ አዳራሽ፣ በዴንማርክ ንጉሥ ክርስቲያን አራተኛ የተሠራውና እስከ 1974 እ.ኤ.አ. የአክሲዮን ገበያ የነበረው ሕንፃ፣ በነጋዴዎች ምክር ቤት ሥር ሆኖ ሲታደስ ሳለ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ተቃጥሎ የታወቀው ሹል ጉልላቱ ወደቀ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ ከሕንፃው ግን ግማሽ ያህሉ ወደመ። ስለዚህ ከሥራ ተቋራጭ ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ ያለ ፈቃድ ብየዳ እንዳይካሄድ፣ ብየዳው ካበቃ በኋላ ጠባቂ እንዲቆይና ቆሻሻው ዕለት ዕለት እንዲጠረግ የሚያስገድድ አንቀጽ ማስገባት ይገባል።

በአገራችንም ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ የጃዛምባ የሙዚቃ አዳራሽ ወድሟል። ዕለቱ እሑድ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት እንግዳ ሊያሳድር የተሠራ ቤት የሙዚቃ አዳራሽም ሲጨመርበት መብራቱ፣ ድምፅ ማጉያውና የሚታደመው ሰው ብዛት በመጀመሪያው ሠሪ ሐሳብ ውስጥ ያልነበሩ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ ገዢው ከመፈረሙ በፊት ደላላውን ሦስት ወረቀት ይጠይቅ። ሕንፃው በየትኛው አገልግሎት እንደተፈቀደ የሚያሳይ፣ ደረጃዎቹንና መውጫዎቹን የሚያመለክት ፕላን፣ እንዲሁም የኢንሹራንስ ውሉ። አገልግሎቱ ሲለወጥ ለኢንሹራንሱ ካልተነገረ ካሣው ሊያከራክር ይችላል። ከዚያም ላይኛው ፎቅ ወጥቶ፣ ደረጃዎቹን ቆጥሮ፣ በራሱ እግር በሁለቱም ይውረድ። ሁለተኛ ከሌለ ማሠሪያውና የሚታጣው ኪራይ ተሰልቶ ከመሸጫው ዋጋ ላይ እንዲቀነስ ይደራደር።