«ማን አየህ?» ወይስ «ማን ተጎዳ?»

ከዘነበወርቅ እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ አስራ ስምንት ማዞሪያ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ጎረምሳ ያለበት ቤት ስጋቱ ያው ነው፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የት ይውላል? ከማን ጋር? እናትና አባት ከሥራ የሚገቡት መሽቶ ነው። ቤት የሚውሉት አያትም ከደጃፍ አልፈው አይከታተሉትም።

የ13 ዓመት ልጅ ኪስ ውስጥ የሰው ሞባይል ተገኘ እንበል። በብዙ ቤት ቀድሞ የሚወጣው «ማን አየህ? ሰፈሩስ ምን ይለናል?» ነው። ቀበቶው ይከተላል። ልጁም በሚቀጥለው ጊዜ ይጠነቀቃል፤ የሚጠነቀቀው ግን እንዳይታይ ነው። ስልኳን የተነጠቀችው ሴት ጨርሶ አልተነሳችም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሎውረንስ ኮልበርግ በ1958 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት 72 የቺካጎ ወንዶች ልጆችን አነጋግሯል። የፈለገው «ጥፋት ነው» ወይም «አይደለም» የሚለውን መልስ ሳይሆን «ለምን?» ሲባሉ የሚሰጡትን ምክንያት ነበር። በታችኛው ደረጃ ላይ ላለ ልጅ ስርቆት መጥፎ የሚሆነው ስለሚያስቀጣ ነው። ከዚያ ከፍ ሲል ሌላውን ሰው ማሰብ ይጀምራል። ማርቲን ሆፍማን የተባለው ሌላ ተመራማሪ ደግሞ ከዱላም ከኩርፊያም ይልቅ ጥፋቱ ሰው ላይ ያደረሰውን ማስረዳት እንደሚበጅ ጽፏል።

የራሳችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውንም እንደ አዋቂ አይቀጣም። ፍርድ ቤት ከሚወስዳቸው እርምጃዎች አንዱ ተግሣጽ ነው። አንቀጽ 160 ዳኛው ልጁን ስለ ድርጊቱ ውጤት እንዲያስገነዝበው ያዛል። ችሎት የማይዘለውን ቤት ለምን እንደሚዘለው አይገባኝም።

ደግሞም ልጁ የራሱን ስሜት ካልለየ የሌላውን ከየት ያውቀዋል? ጓደኞቹ ፊት ተዋርዶ፣ ቀንቶ ወይም ፈርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «ደበረኝ» ብቻ ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ ጎረምሳ ያለ ሐፍረት የሚያሳየው ስሜት ቁጣ ነው። እዚህ ላይ አያቶች ከወላጅ ይሻላሉ፤ አይቸኩሉም። ቡናው እየፈላ «ያን ቀን ምን ሆነህ ነበር ልጄ?» ብለው ዝም ይላሉ።

ስልኩንም አባት በድብቅ ባይመልሱት ጥሩ ነው። ልጁ አብሯቸው ሄዶ በእጁ ይስጥ፤ ሴትየዋ የምትለውንም ቆሞ ይስማ። ማታ «ምን ተሰምቷት ይመስልሃል?» ሲባል ትከሻውን ነቅንቆ ሊወጣ ይችላል። ነገ እራት ላይ ደግመው ይጠይቁት።