ጳጉሜን፣ ጠበል እና የመድኃኒት ቀጠሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጳጉሜን ወር ሲገባ የጠበል ሥፍራዎቻችን በምእመናን ይሞላሉ። በተለይ ጳጉሜን 3 ቀን የሊቀ መላእክት የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ስለሚከበርበት፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም በዕለቱ ዝናም ለመጠመቅ ደጅ ይወጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ሰሞን፣ በምናገለግልበት ደብር፣ አንዲት እናት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ለሱባኤ መጡ። ልጁ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ ከጤና ጣቢያ በየወሩ የሚሰጠውን ፌኖባርቢታል የተባለ እንክብል ማታ ማታ እየዋጠ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይወድቅ ቆይቷል። ጳጉሜን 4 ቀን ማለዳ የጠበል ወረፋ ሲጠብቅ ወደቀ። ሳይነቃ እንደገና አንቀጠቀጠው፤ ለሦስተኛም ጊዜ ደገመው። በቃሬዛ ተሸክመን ሆስፒታል አደረስነው፤ በእግዚአብሔር ቸርነትም ተረፈ።

እናቲቱን በኋላ ስንጠይቃቸው መድኃኒቱን ያቋረጡት ንቀው እንዳልነበረ ተረዳን። «ነሐሴ 30 አለቀ፤ ቀጠሮው መስከረም 2 ነው። አምስት ቀን ምን ያደርጋል፣ ደግሞም ጠበል ላይ ነን ብዬ ነው» አሉን። እኛም ልጁን ስንቀበል የክርስትና ስሙን ጠይቀን መዝግበናል፤ ምን መድኃኒት እንደሚወስድና ምን ያህል እንደቀረው ግን አልጠየቅንም። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደን ይኸው ነው።

ነገሩ ከሒሳብ ይጀምራል። ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ በሠላሳ በሠላሳ ቀን ተቆጥረው ይሰጣሉ። የእኛ ወራት ሁሉም ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ፣ ኅዳር 1 የተቀበለ ሰው ታኅሣሥ 1 ቢመለስ አንዲት እንክብል አትጎድልበትም። ይህ ምቾት ዓመቱን ሙሉ ያዘናጋንና ጳጉሜን ላይ ያጋልጠናል። ነሐሴ 1 ሠላሳ እንክብል የተቀበለ ሰው ነሐሴ 30 የመጨረሻዋን ይውጣል። ሰኔ 1 የሦስት ወር፣ መጋቢት 1 ደግሞ የስድስት ወር ተብሎ 90 ወይም 180 እንክብል የተቀበለውም እንዲሁ ነሐሴ 30 ያልቅበታል። ከዚያ በኋላ አምስቱ የጳጉሜን ቀናት ባዶ ናቸው፤ መስከረም 1 የዘመን መለወጫ በዓል ስለሆነ የቀጠሮ አገልግሎት አይኖርም። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን ክፍተቱ አንድ ቀን ይጨምራል። (ሐኪሙ ወንጌላዊ በስሙ በተጠራው ዘመን አንድ ቀን ጨምሮ የሚያስታውሰን ይመስላል።) ስለዚህ ነሐሴ ላይ መድኃኒት የሚቀበል ሰው «ጳጉሜንንም ቆጥራችሁ ስጡኝ» ማለት አለበት። ይህ መብት ነው፤ ማፈርም አያስፈልግም።

በልብ ሕመም ምክንያት በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉ ወጣቶቻችን ደግሞ ሌላ ሒሳብ አላቸው። አራት ሳምንት 28 ቀን እንጂ 30 ቀን አይደለም። በወሩ ቀን የሚቆጥር ሰው በየወሩ ሁለት ቀን ይዘገያል፤ በሳምንቱ ቀን መቁጠር ይሻላል። ዛሬ ረቡዕ የተወጋ ከአራት ሳምንት በኋላም በዕለተ ረቡዕ ይወጋል።

ጥቂት ቀን ማቋረጥ ምን ይጎዳል የሚል ጥያቄ በየጠበሉ ይነሣል። መልሱ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ፌኖባርቢታልን የመሰለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ወደ ነበረበት መመለሱ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት መድኃኒቱን ስለለመደ ተከታታይና የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ይህም ሕይወት ያጠፋል። የደም ግፊት መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ለብዙ ቀን ምንም ላይሰማው ይችላል፤ አለመሰማቱ ግን ግፊቱ አለመጨመሩን አያሳይም፤ ብዙዎች ያቋረጡትን የሚያውቁት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲቆራረጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምዳል። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው፤ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር የሚፈጀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሳሉ ቢጠፋም ባክቴሪያው ገና ስላልጠፋ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ወገኖቻችን፣ በተለይ ከልጅነት የጀመራቸው፣ ለአንድ ቀን እንኳ ሊያቋርጡ አይገባም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ምእመናን መድኃኒት ይዞ ጠበል መግባት የእምነት ጉድለት ነው ይላሉ። ከመምህራኖቻችን የተማርነው ይህን አይደለም። በዓሉን የምናከብርለትን የቅዱስ ሩፋኤልን ታሪክ እናስተውል። በመጽሐፈ ጦቢት እንደተጻፈው መልአኩ ጦብያን በጤግሮስ ወንዝ የያዘውን ዓሣ ሐሞቱን፣ ልቡንና ጉበቱን እንዲያስቀምጥ አዘዘው። ጦብያም ሐሞቱን በመንገድ ሁሉ ጠብቆ ቤቱ አደረሰው፤ የአባቱንም ዓይን ቀባው፤ አባቱም አየ። መልአኩ በቃል ብቻ ሊፈውስ የማይችል ሆኖ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስም ንጉሥ ሕዝቅያስን እግዚአብሔር እንደሚፈውሰው ከነገረው በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዟል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑንና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስም በቂሣርያ ለሕሙማን መታከሚያ ቤት ሠርቷል።

በአገራችንም የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ ብዙዎች መድኃኒታቸውን ትተው ወደ እንጦጦና ወደ ሌሎችም የጠበል ሥፍራዎች በሄዱበት ጊዜ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ አስተምረዋል። ስለዚህ ሐኪም ያላቆመውን መድኃኒት «አቁም» ብሎ ማዘዝ የአጥማቂ ሥልጣን አይደለም። በጠበሉ ተፈውሻለሁ የሚል ሰው ቢኖር ደስታችን ነው፤ ነገር ግን ጌታችን ለምጻሞቹን ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ እንደላካቸው ሁሉ፣ እርሱም መድኃኒቱን እየወሰደ ሄዶ ይመርመር። በምርመራ ቫይረሱ አልታየም መባል ደግሞ መድኃኒቱ በሚገባ እየሠራ ነው ማለት እንጂ ከደሙ ጠፍቷል ማለት እንዳልሆነ ይታወቅ።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ውዥንብር አለ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በአንቀጽ 15 ሕሙማንን ያሳርፋል፤ ይህን በየሰው ሁኔታ መዝኖ የሚወስነው የንስሓ አባት ነው። ሆኖም የንስሓ አባት ሊመዝኑ የሚችሉት ምእመኑ መድኃኒቱን ሲነግራቸው ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው ግን ለካህኑ ሕመሙን ሳይናገር፣ ለሐኪሙም ጾሙን ሳይናገር በመካከል የሚጎዳ ሰው ነው። ለምሳሌ ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ጠዋት ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስኳሩ በጣም ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ መድኃኒቱን ሊለውጠው ወይም ሰዓቱን ሊያስተካክልለት ይችላል። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ብዙ መድኃኒቶችም በሐኪም ፈቃድ ወደ ማታ ሊዛወሩ ይችላሉ፤ ሥጋ ወደሙ ለሚቀበሉ ምእመናን ይህ ትልቅ እረፍት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ የተባለ መድኃኒት ግን በየስምንት ሰዓቱ ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ይኸውም ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8 እና ማታ 4 ሰዓት፣ የጾም ሰዓት ነው ብሎ ሦስቱን ወደ ማታ መሰብሰብ አደገኛ ነው። የተረሳንም መድኃኒት በሚቀጥለው ጊዜ እጥፍ አድርጎ መዋጥ አይገባም።

ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር እንጨምር። የልባቸው በር በቀዶ ሕክምና የተለወጠላቸው ወገኖቻችን ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ጎመንና ቆስጣ የመሳሰሉት ቅጠላ ቅጠሎች የዚህን መድኃኒት ኃይል ይቀንሳሉ። ታዲያ በፍስክ ወራት ጎመን አልፎ አልፎ ሲበላ የነበረ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ 55ቱን ቀን በየዕለቱ ሲበላው፣ እንክብሉን ሳያቋርጥ እንኳ ደሙ ሊረጋ ይችላል። ጾሙ ሲፈታም ነገሩ ተገልብጦ ደም ሊያፈስስ ይችላል። መፍትሔው ጎመን መተው ሳይሆን መጠኑን አለመለዋወጥ፣ ጾሙ ሲገባና ሲፈታ ደግሞ የደም ምርመራውን ማድረግ ነው።

ለጉዞ የሚነሡ ምእመናን፣ ወደ ግሸን ማርያምም ይሁን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ወይም ወደ ላሊበላ፣ ስንቃቸውን እንደሚቆጥሩ መድኃኒታቸውን ይቁጠሩ። የቀረውን እንክብል በቀን ለሚወሰደው ማካፈል ነው። ከጉዞው ቀናት ቢያንስ አንድ ሳምንት ተርፎ ካልተገኘ ከመነሣት በፊት መሙላት ይገባል፤ ፌኖባርቢታልን የመሳሰሉት በልዩ ማዘዣ ስለሚሰጡ መንገድ ላይ ከተገኘ መድኃኒት ቤት ልግዛ ቢሉ አይሆንም። መድኃኒቱ ከነማሸጊያው ይያዝ፤ በሌላ ብልቃጥ ተገልብጦ ሲገኝ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። አውቶቡስ ጣራ ላይ ከሚጫን ሻንጣ ይልቅ በእጅ ቦርሳ መያዝ ይሻላል፤ ከውጭ አገር በአውሮፕላን ለሚመጡም እንዲሁ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን በማቀዝቀዣ ይቀመጣል እንጂ በረዶ መሆን የለበትም፤ የተከፈተው በቀዝቃዛ ጥላ ሥር አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ማቀዝቀዣ በሌለበት በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ከፀሐይ ያድነዋል።

በማሸጊያው ላይ የሚታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አንዘንጋ። 06/2026 የሚል የተጻፈበት መድኃኒት ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃል። ይህን በእኛ አቆጣጠር አንብበው ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል ብለው ያስቀመጡ ሽማግሌ ገጥመውናል። በየጊዜው የሣጥኑ ቀለምና ስም ሲለዋወጥም የመድኃኒቱን ዋና ስም ከአሮጌው ሣጥን ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም ገዝተው ሁለቱንም የሚውጡ አሉና።

በደብራችን ከዚያ ጳጉሜን ወዲህ ለሱባኤ የሚመጣ ሁሉ ሲመዘገብ ከክርስትና ስሙ ቀጥሎ የሚወስደው መድኃኒትና የቀረው ቀን ይጻፋል፤ የሚጎድልበት ካለ ሰንበት ተማሪዎች ከቤተሰቡ ጋር ሆነው ያመጡለታል። ያች እናትም በየዓመቱ ነሐሴ 1 ቀን ጤና ጣቢያ ሲሄዱ 36 እንክብል ቆጥረው ይቀበላሉ፤ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 37።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።