ከሌዘር በኋላ የሚነሣ የሬቲና ፎቶግራፍ

ሬቲና በዓይን ጀርባ ውስጠኛ ገጽ የተዘረጋ፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን ነው። የስኳር በሽታ ደቃቅ የደም ሥሮቹን ሲዘጋበት፣ ኦክስጅን ያጠረው ክፍል አዳዲስ ሥሮችን የሚያበቅል ኬሚካል ያመነጫል፤ እነዚህም ሥሮች ግድግዳቸው ደካማ በመሆኑ ያፈስሳሉ፣ ይደማሉም። ለዚህ ሕክምና የሚውለው ሌዘር ሥሮቹን ራሳቸውን ያቃጥላል የሚለው ግምት ቢስፋፋም፣ ጨረሩ በአብዛኛው የሚያርፈው በሬቲናው ዳርቻ ላይ ሲሆን፣ ኦክስጅን የሚሻማውን ሕዋስ ቀንሶ ኬሚካሉን በማዳከም አዳዲሶቹ ሥሮች በሳምንታት ውስጥ እንዲኮማተሩ ያደርጋል።

መኮማተሩን ከሚያሳዩት መሣሪያዎች መካከል ተገቢው ክብር ያልተሰጠው ፍሎረሲን አንጂዮግራፊ ነው። በክንድ ደም ሥር የተወጋ ቢጫ ቀለም ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ባለው ጊዜ ሬቲና ደርሶ፣ በሰማያዊ ብርሃን ሲመታ አረንጓዴ ያበራል፤ ካሜራውም ይህን በተከታታይ ያነሣል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1961 ይፋ ያደረጉት የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ሃሮልድ ኖቮትኒና ዴቪድ አልቪስ ሲሆኑ፣ ቀድሞ ማን ይወጋ የሚለው በሳንቲም ዕጣ ተወስኖ ለአልቪስ ደረሰ። የታካሚው ቆዳና ሽንት ለአንድ ቀን ያህል ቢጫ መሆኑ ጉዳት የለውም፤ ይህን ሳይነግሩ ሰውን ወደ ቤቱ መሸኘት ግን ነውር ነው።

ከሌዘር በኋላ የሚነሣውን ፎቶ የሚያነብ ሰው በተለይ የሚሳሳተው ብሩህ የሆነውን ሁሉ ፍሳሽ አድርጎ ሲቆጥር ነው። የሌዘር ጠባሳም ያበራል፤ ኮሮይድ ከሚባለው፣ ከሬቲና ሥር ካለው የደም ሥር ንጣፍ ቀለሙ ወደ ጠባሳው ሰርጎ በዚያው ይቀራልና። ልዩነቱ ጠርዙ ላይ ነው፦ ጠባሳው እየደመቀ ቢሄድም ወሰኑን አያልፍም፤ የሚያፈስ ሥር ግን ቡና እንደፈሰሰበት ነጠላ ጠርዙ እየደበዘዘ፣ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ቀለሙ እንደደረሰ የተነሣው ፎቶ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዘግይቶ የተነሣውና ከሌዘሩ በፊት የነበረው ጎን ለጎን ካልታዩ ፍርዱ ግምት ይሆናል። ከኮቸሬ ወረዳዋ ጨለለቅቱ ተነሥቶ በይርጋ ጨፌና በዲላ አልፎ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ታካሚ፣ ሰዓቱ ያልተጻፈበት አንድ ፎቶ ብቻ ከሪፈር ወረቀት ጋር አያይዞ መላክ፣ ተቀባዩን ሐኪም ሰውየውን እንደገና ከመውጋት ወይም ማነጻጸሪያ ሳይኖረው ከመወሰን ሌላ ምርጫ አይተውለትም።

አዲሱ ኦሲቲ አንጂዮግራፊ ቀለም ሳይሻ የደም ሕዋሳትን እንቅስቃሴ ተከትሎ የሥሮቹን ቅርጽ ያሳያል፤ ፍሳሻቸውን ግን አያሳይም። በሁለቱም ምርመራዎች ሥሮቹ ቢጠፉ እንኳ፣ ትተውት የሚሄዱት ጠባሳማ ሕብረ ሕዋስ ሲኮማተር ሬቲናውን ሊጎትት ስለሚችል ክትትሉ ይቀጥላል።