ከአባት ሣጥን የወጣው የኢንሹራንስ ወረቀት

መርካቶ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በቆዩ ቤቶች የማይጠፋ ዕቃ ቢኖር የአባት የወረቀት ሣጥን ነው። የግብር ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የዕቁብ ደብተር፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ባለፈው ክረምት በዘመዶቼ ቤት እንዲህ ያለው ሣጥን ተከፈተ። አጎቴ ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው የጓሮውን አሮጌ ጋራዥ ሊያፈርሱ ተነሥተው ነበር። መሬቱ ገና አንድ ክንድ ሳይቆፈር ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። የስንት ዓመት ዘይት፣ የባትሪ አሲድና ዝቃጭ እዚያው ሲደፋ ኖሯል። ይህን ማን ያነሣዋል? ወጪውንስ ማን ይችላል?

ከሣጥኑ በጃንሆይ ዘመን የተጻፈ የኢንሹራንስ ፖሊሲ የተገኘው በዚያው ሰሞን ነው። ታናሹ ልጅ ሊቀደው ሲል አሜሪካ ነዳጅ ማደያ የሚሠራው ወንድሙ በስልክ አስቆመው። በእርሱ አገር እንዲህ ያለ አሮጌ ወረቀት ቤትና ንግድ ሲያድን አይቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1980 «ሱፐርፈንድ» በሚባለው ሕግ የተመረዘ መሬት የሚጸዳበትን ወጪ በበካዩ ብቻ ሳይሆን በአሁኑ ባለቤትም ላይ ጣሉ። ድፍያው ሲፈጸም የሚከለክል ሕግ አልነበረም ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ከአባታቸው ላውንድሪ ወይም ፋብሪካ የወረሱ ቤተሰቦች ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ብዙዎቹን የደገፋቸው አባቶቻቸው ድሮ የገዙት የኃላፊነት ኢንሹራንስ ነው። የዚያ ዘመን ውል የሚጠይቀው ጉዳቱ መቼ ደረሰ ብሎ ነው፤ ጥያቄው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቢመጣም ጉዳቱ በውሉ ዘመን ከደረሰ ኩባንያው ይጠየቃል። ኩባንያዎቹ ይህን ሲረዱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድንገተኛ ያልሆነ ብክለትን ከውሉ ማስወጣት ጀመሩ፤ በ1986 ደግሞ በሩን ጭራሽ ዘጉት። ስለዚህ ወረቀቱ ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ከሒሳብ መዝገብ፣ ከቼክ ጉርድ፣ ከባንክ የብድር ውል እየፈለፈሉ የጠፋ ፖሊሲ የሚያፈላልጉ ባለሙያዎችም አሉ፤ ሥራቸው «የኢንሹራንስ አርኪዮሎጂ» ይባላል። ሁልጊዜ አይቀናም፤ የየግዛቱ ፍርድ ቤት አቋም ይለያያል። የኢንዲያና ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1996 በአንድ ነዳጅ ማደያ ጉዳይ፣ ብክለትን አይሸፍንም የሚለው አንቀጽ ግልጽ አይደለም ብሎ ለማደያው ባለቤት ፈርዷል። የአጎቴን ልጅ ተስፋ ያሳደረበት ይህ ዓይነቱ ታሪክ ነው።

ወደ እኛው እንምጣ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ 13 የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ወረሰ፤ በ1968 ሀብታቸውም ዕዳቸውም ለአዲሱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተላለፈ። ስለዚህ የጠፋ ኩባንያ ስም ያለበት ፖሊሲ ወራሽ የለውም ማለት አይደለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ከኢንሹራንስ ውል የሚመነጭ ጥያቄ አደጋው ከደረሰበት ወይም ባለጉዳዩ ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። የውሉም ዓይነት ይወስናል። የእሳት ወይም የስርቆት ኢንሹራንስ ለተመረዘ አፈር አይከፍልም፤ ለሌላ ሰው ጉዳት የሚከፍለው የኃላፊነት ኢንሹራንስ ነው። የአጎቴን ፖሊሲ ቁጭ ብለን አነበብነው። የእሳት ነው። አንዲት ጋሪ አፈር እንኳን አያስነሣም። አሜሪካ ላለው ልጅ ይህን በስልክ መንገር እንዴት እንደከበደኝ!

ታዲያ ማን ይክፈል? የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። በአገራችን ከታወቁት ትልልቅ ጽዳቶች በአንዱ፣ በየመጋዘኑ ተከማችቶ የነበረ 1,500 ቶን ያህል ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ በ1990ዎቹ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ ተቃጥሏል። ገንዘቡ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በኩል ከለጋሾች መጣ እንጂ ከኢንሹራንስ አልነበረም። ለመርካቶ ጓሮ ግን ለጋሽ አይመጣም።

እኔን ከገንዘቡ ይበልጥ ያስጨነቀኝ የልጅ ልጆቹ ነገር ነው። ባትሪ የተፈታበት አፈር እርሳስ የሚባለው ብረት ይኖርበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። የሚጎዳው አእምሮን ነው፤ የሚገባውም በአቧራ፣ በእጅና በአፍ ነው። እንዲህ ባለ ጓሮ ልጅ አይጫወት፣ ጎመንም አይተከል። ሲቆፈር አፈሩ ውኃ ይርከፍከፍበት። የቆፋሪው ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። አፈሩን ወንዝ ዳር መድፋትማ መርዙን ለሌላ ሰው ልጅ መስጠት ነው። ከመነካቱ በፊት ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይሻላል።

ዛሬ ጋራዥ፣ የባትሪ ወይም የነዳጅ ሥራ ያላችሁ ደግሞ ፖሊሲያችሁን አውጡና ሁለት ነገር ፈልጉ፤ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አለበት ወይ? ብክለትንስ በግልጽ አስወጥቷል? አስወጥቶ ከሆነ በተጨማሪ ዓረቦን ይመለስ እንደሆነ ጠይቁ። የሁለት ዓመቷን ገደብ አትርሱ፤ ጉዳት እንዳያችሁ ወዲያው በጽሑፍ አሳውቁ። ቦታው ላይ ምን ሲሠራ እንደኖረም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከውሉ ጋር አስቀምጡ።

የአጎቴ ልጆች ጥቁሩን አፈር ከሌላው ለይተው ክዳን ባለው በርሜል ሞልተውታል፤ የመሥሪያ ቤቱን መልስ እየጠበቁ ነው። ፖሊሲውን ታናሹ መልሶ ሣጥኑ ውስጥ ከቶታል፤ ከላዩ ላይ ጋራዡ የት እንደነበረ በእጁ ሥሎበታል።