የመንዝ ጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ

የመንዝ ጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኝ የውርጭ አገር የሣር ምድር ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይገኛል። ሥፍራው በቀይ ቀበሮ፣ በጭላዳና ስሙን በሰጠው የጓሳ ሣር ይታወቃል። ከአብዛኞቹ የኢትዮጵያ ጥብቅ ሥፍራዎች የሚለየው መጠበቅ የጀመረው በአካባቢው ገበሬዎች ስምምነት በመሆኑ ነው። «ቀሮ» የሚባለው ይህ የጥበቃ ሥርዓት በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ተጀመረ ይነገራል። በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው የአሜሪካው የሎውስቶን እ.ኤ.አ. በ1872 ሲቋቋም፣ በዚህ አቆጣጠር ቀሮ ከ150 ዓመት በላይ አስቆጥሮ ነበር።

አቀማመጥና የአየር ጠባይ

ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ጣርማ በር ይወጣና ከዚያ ከዋናው የደሴ መንገድ ወደ ግራ ተገንጥሎ ወደ መንዝ ያመራል። በቅርብ የምትገኘው ከተማ የወረዳው ዋና ከተማ መሐል ሜዳ ናት።

ሥፍራው በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ነው። በምሥራቅ በኩል ገደሉ በድንገት ወደ ቆላው ይወርዳል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ የመንዝ አምባ ይቀጥላል። በመሆኑም ጓሳ የሁለት ተፋሰሶች መለያ ነው። በምዕራብ የሚወርደው ውኃ ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ረግረጎቹና ጥቅጥቅ ያለው ሣር የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዘው በበጋ ቀስ በቀስ ስለሚለቁት በታች ያሉ ምንጮችና ወንዞች ይጠቀማሉ።

አየሩ በጣም ቀዝቃዛ ነው። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንብ ሲሆን በበልግም አነስተኛ ዝናብ ይገኛል። ከጓሳ ሣር ሌላ ጅብራ፣ አስታ፣ ነጭሎና ልዩ ልዩ ቁጥቋጦዎች ይበቅላሉ።

የመንዝ ታሪክ ባጭሩ

መንዝ በልማድ በሦስት ይከፈላል፤ እነዚህም ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ናቸው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ስያሜዎቹ የተገኙት አገሩን ካቀኑት ከማማ፣ ከላሎና ከጌራ ነው። ነጋሲ ክርስቶስ የተነሣው ከዚሁ ከመንዝ ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክ የሚወለዱበት የሸዋ ሥርወ መንግሥት ከእርሱ ይጀምራል። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው «ሰምና ወርቅ» የተሰኘው መጽሐፍም የመንዝን ገበሬ ኑሮ በሰፊው ይገልጻል።

የጓሳ ሣር ጥቅም

ጓሳ ረጅምና ጠንካራ የሣር ዓይነት ነው። ለመንዝ ገበሬ ዋነኛው ጥቅሙ የቤት ክዳን መሆኑ ነው። የመንዝ ቤት ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከድንጋይ ይሠራል፤ በላዩ ላይ በወፍራሙ የሚከደነው ጓሳ ዝናቡንም ብርዱንም ይከላከላል። ከዚህ ሌላ ሣሩ ተገምዶ ገመድ ይሆናል፤ ለፍራሽ ይሞላል፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ለግድግዳ ምርጊት ይውላል፤ የዝናብ መከላከያና መጥረጊያም ይሠራበታል። ከሥፍራው ማገዶም ይለቀማል። በድርቅ ዘመን ደግሞ ሌላው መስክ ሲራቆት ከብቶች የሚተርፉት በጓሳ ግጦሽ ነው።

በዚህ ከፍታ ላይ ዛፍ በብዛት አይበቅልም፤ ከገብስና ከጥቂት ሌሎች ሰብሎች በቀር እህልም አይሆንለትም። ስለዚህ የጓሳ ሣር ካለቀ በቀላሉ የሚተካ ነገር አልነበረም። የቀሮ ሥርዓት የተፈጠረው ከዚህ ችግር ነው።

የቀሮ ሥርዓት

በአካባቢው ትውፊት መሠረት የጓሳ መሬት መብት የተገኘው አስቦና ጌራ ከሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ነው። ከእነርሱ መወለዱን መቁጠር የሚችል ሰው በአፅመ ርስት ሕግ የጓሳ ተጠቃሚ ይሆናል። ከዚህ ዘር ውጭ የሆነ ሰው ግን ሣር ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት አይችልም ነበር። በዛሬ አነጋገር ሥርዓቱ የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ ማለትም «ባለመብቱ ማን ነው?» የሚለውን፣ በግልጽ መልሶ ነበር።

የጥበቃው ኃላፊ «አባ ቀራ» ይባላል። የአስቦ ወገንና የጌራ ወገን የየራሳቸውን አባ ቀራ ይመርጣሉ። አባ ቀራዎቹ ሥፍራውን በየአጥቢያው ከፋፍለው ያስጠብቃሉ። ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ በተራው ዘብ መውጣት ግዴታው ነበር። ሕግ የጣሰ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱም ከባድ እንደ ነበር ይነገራል።

ሥርዓቱ የሚሠራው በመዝጋትና በመክፈት ነው። ጓሳ ከተዘጋ ሣሩ በቂ እስኪያድግ ድረስ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ማንም አይነካውም። አባ ቀራዎች ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው የሣሩን ቁመትና የሕዝቡን ችግር ከመረመሩ በኋላ የሚከፈትበትን ቀን ይወስናሉ። ቀኑ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ላይ ይነገራል። በዚህ መንገድ ሁሉም እኩል ስለሚሰማ ቀድሞ ገብቶ የሚያጭድ አይኖርም። በበጋው ወራት በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ አጨዳው ሲያበቃ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲጠና፣ በሐዋርያት ጾም ፍቺ (ሐምሌ 5) አካባቢ፣ ጓሳ እንደገና ይዘጋል። የዝናቡን ወቅት ያለ ንክኪ ስለሚያገኘው ሣሩ ያገግማል።

ቤተ ክርስቲያን በሥርዓቱ ውስጥ ድርሻዋ ትልቅ ነበር። ክልከላው በአጥቢያ ስለ ተደራጀና በበዓላት ስለሚቆጠር ሕጉን ማፍረስ ከጎረቤት ጋር ከመጣላት አልፎ እንደ ኃጢአት ይታይ ነበር።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስት መብትን ሻረ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኞች ነፃነት ያመጣ ሲሆን በጓሳ ግን ያልታሰበ ውጤት አስከተለ። የአስቦና የጌራ ልጆች የተለየ መብት ሲቀር የአባ ቀራ ሥልጣንም አብሮ ቀረ። ከዚህ በፊት የተከለከሉ ሰዎችም ተጠቃሚ ሆኑ፤ ቀድሞ ይጠብቁ የነበሩት ደግሞ ነገ ሌላ ሰው የሚያጭደውን ሣር የሚጠብቁበት ምክንያት አጡ። ማሳ ወደ ሣሩ ገፋ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ከብትም በዛ።

ማኅበረሰቡ ግን ልምዱን ጨርሶ አልጣለውም። በገበሬ ማኅበራት በኩል የጓሳ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሥፍራውን የመዝጋትና የመክፈት ልማድ በአዲስ መልክ ቀጠለ። ልዩነቱ የተጠቃሚነት መብት በዘር መቆጠሩ ቀርቶ በቀበሌ ነዋሪነት መሆኑ ነው። ተመራማሪው ዘለዓለም ተፈራ በቀሮ ላይ ያደረጉት ጥናት ሥርዓቱ በዓለም አቀፍ የምርምር ጽሑፎች እንዲታወቅ አድርጓል። የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበርም ለጥበቃው ድጋፍ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥፍራው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተቋቋመ። በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ተወካዮች ምክር ቤት አላቸው፤ ሥፍራውን የሚዞሩትም ከነዋሪዎቹ መካከል የተቀጠሩ ጠባቂዎች ናቸው።

የዱር እንስሳት

የጓሳ ሕግ የወጣው ለሣሩ ተብሎ ነው፤ ነገር ግን ሣሩ ሲጠበቅ በሣሩ የሚኖሩት እንስሳትም ተርፈዋል።

ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ሲሆን በዓለም ላይ የቀረው ቁጥር 500 ያህል ወይም ከዚያ በታች እንደሆነ ይገመታል። ዋና ምግቡ አይጥ ነው። አይጦች ደግሞ በረጅም ሣር ውስጥ ይራባሉ። ስለዚህ የሣሩ መኖር ለቀበሮው የመኖር ወይም ያለመኖር ጉዳይ ነው። ከግጦሽ ሌላ ከውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች በሽታዎች ለቀይ ቀበሮ ትልቅ አደጋ ናቸው።

ጭላዳም በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖር ዝርያ ነው። በደረቱ ላይ ባለው ቀይ ምልክት ይታወቃል። ከዝንጀሮና ጦጣ ወገን ዋና ምግቡን ከሣር የሚያገኝ እርሱ ብቻ ነው። ሌሊት በገደሉ ላይ ያድራል፤ ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥቶ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል። አንዳንዴ በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች በአንድ ላይ ይታያሉ። በጓሳ ጭላዳዎችን የሚያጠና ቋሚ የምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ይሠራል።

ከዚሁ ፕሮጀክት የተገኘ አንድ ግኝት በብዙ አገሮች ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ጥናት መሠረት ቀይ ቀበሮዎች በጭላዳ መንጋ መካከል በሰላም እየተዘዋወሩ አይጥ ያድናሉ። በመንጋው ውስጥ ሆነው ካደረጉት ሙከራ 67 በመቶ ያህሉ ሲሳካ፣ ብቻቸውን ሲያድኑ የተሳካላቸው 25 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የጭላዳ ግልገል ለቀበሮ የሚያዳግት ባይሆንም ቀበሮዎቹ አይነኩትም። ተመራማሪዎቹ ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦችን ከጉድጓዳቸው ሳያስወጡ አይቀሩም የሚል ግምት አቅርበዋል።

በሥፍራው ጅብ፣ ነብር፣ ሰስ፣ ሚዳቋና ጥንቸልም ይገኛሉ። ከወፎች መካከል በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ዝርያዎች ስላሉ ጓሳ በወፍ ተመልካቾች ዘንድ የታወቀ ነው።

የእጅ ሥራና የኑሮ ቅርስ

መንዝ በበጉና በሱፍ ሥራው የታወቀ አገር ነው። የመንዝ በግ ብርድ የሚችል፣ ጸጉሩ ሻካራና ረጅም የሆነ ዝርያ ነው። ሴቶች ሱፉን ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምኑታል። ከዚህም ለመኝታ የሚሆን ወፍራም ባና እና የሚደረብ በርኖስ ይሠራል። ዋናው እህል ገብስ ስለሆነ ቆሎው፣ በሶውና ጠላው ከገብስ ይዘጋጃል። ጎብኚ ወደ ጓሳ ሲሄድ የሚያየው የድንጋይ ቤት፣ የሣር ክዳንና የሱፍ ልብስ ሁሉም ከዚያው ሜዳና ከዚያው ብርድ የተገኙ ናቸው።

ጉብኝት

በጓሳ ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው አነስተኛ ማረፊያ ቤትና የድንኳን ቦታ ተዘጋጅቷል። ጎብኚዎች ምግባቸውን ይዘው መሄድ ይኖርባቸዋል። አስጎብኚዎች፣ ጠባቂዎችና የጭነት ከብት አከራዮች የአካባቢው ነዋሪዎች ሲሆኑ ገቢው ለጥበቃውና ለማኅበረሰቡ ይውላል። ለእንስሳት ምግብ መስጠት ወይም ውሻ ይዞ መግባት ለጥበቃው ጎጂ ነው። በመንገድ ላይ ከሚታዩት ሌሎች ሥፍራዎች መካከል ደብረ ብርሃን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የጣርማ በር ዋሻ መንገድና ወደ ደቡብ ዞር ብሎ የቀድሞዋ የሸዋ መዲና አንኮበር ይገኙበታል።

ከሌሎች ሥፍራዎች ጋር ሲነጻጸር

በኢትዮጵያ ብዙ ፓርኮች በሰውና በዱር እንስሳት መካከል ያለው ሽኩቻ ትልቅ ችግር ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። በጓሳ ግን ጥበቃው የተመሠረተው በተጠቃሚዎቹ ላይ ነው።

ተመሳሳይ ሥርዓት በሌላ አገርም አለ። በስዊዘርላንድ ተራሮች የምትገኘው ቶርቤል መንደር የጋራ ግጦሿን የምታስተዳድርበት የጽሑፍ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1483 ይጀምራል። በ1517 የወጣው ደንብ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልበው ከሚችለው በላይ ላም ወደ ተራራው እንዳይልክ ይከለክላል። አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን በ1968 የጋራ ሀብት ለሁሉም ክፍት ሲሆን መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ጽፎ ነበር። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ግን እንደ ቶርቤል ያሉ ምሳሌዎችን አጥንታ፣ ተጠቃሚው ከታወቀና ደንቡን ራሱ ካወጣው የጋራ ሀብት ለዘመናት ሊቆይ እንደሚችል አሳይታለች። የጓሳ ታሪክ ሁለቱንም ያሳያል፤ ቀሮ በጸናበት ዘመን ሣሩ ቆየ፣ ቀሮ በፈረሰ ጊዜ ተጎዳ።

ስጋቶች

የሕዝብ ቁጥር መጨመር፣ የእርሻ መስፋፋትና ሕገ ወጥ ግጦሽ ዋና ዋና ስጋቶች ናቸው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የጎብኚውን ጉዞ አውከዋል፤ ይህም ለጥበቃው ይውል የነበረውን ገቢ ይነካል።

ሌላው ለውጥ በዝግታ የሚመጣ ነው። በገጠር የቆርቆሮ ክዳን እየተለመደ ሲሄድ የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን ያለው ተፈላጊነት ይቀንሳል። ቀሮን ያቆመው የሣሩ አስፈላጊነት ስለ ነበር፣ ሣሩ ለገበሬው የሚሰጠው ጥቅም ሲያንስ ሜዳውን ዘግቶ ለዓመታት የመጠበቅ ፈቃደኝነትም ሊያንስ ይችላል። ከቱሪዝም የሚገኘው ገቢ፣ የድርቅ ዘመን ግጦሽና የምንጮቹ ውኃ ይህን ጉድለት ምን ያህል ይሞላሉ የሚለው ለጓሳ የወደፊት ዕጣ ወሳኝ ጉዳይ ነው።