የመረብ ኳስ መሪ ምርጫና የመራጩ ጥያቄ

የአንድን ስፖርት አገር አቀፍ ፌዴሬሽን የሚመራ ሰው በተመረጠ ቁጥር፣ ጋዜጣውም ራዲዮውም ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ በሚለው ወሬ ሲጠመድ፣ ከዚያ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ታላቁ ጥያቄ፣ ይኸውም መራጩ ማን ነው፣ የመምረጥ ሥልጣኑንስ ከማን ተቀበለ የሚለው፣ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ እየተላለፈ ያለ ብያኔ እስከ ዛሬ ደርሷል። በእግር ኳስና በአትሌቲክስ ዘንድ ብዙ ክርክር ስላስነሣ ጥያቄው የእነዚያ የሁለቱ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ተመልካቹ በሚያንስበት፣ ጸሐፊውም በማይበዛበት በመረብ ኳስ ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ይከፋል፤ የሚመረምረው ያጣ ሥርዓት ጉድለቱ ሳይታወቅ ረዥም ዕድሜ ያገኛልና።

ሰሜን ሸዋን ምሳሌ አድርጌ የምወስደው ያለ ምክንያት አይደለም። የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 18 ሜትር፣ ወርዱ 9 ሜትር ብቻ ነው፤ መረቡም ለወንዶች 2 ሜትር ከ43፣ ለሴቶች 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሁለት ቋሚ ላይ ከተወጠረ፣ በየወገኑ ስድስት ስድስት ሆነው የሚቆሙ ልጆች ጨዋታውን ይጀምራሉ። አንኮበርን ያየ ሰው የዚህን ጥቅም ለማስተዋል ረዥም ትርጓሜ አያሻውም። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው ያች ተራራማ አገር በምሥራቅ ወገኗ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደውን ገደል ተደግፋ የቆመች ስለሆነች፣ 105 ሜትር በ68 ሜትር የሚሆን የእግር ኳስ ሜዳ የሚወጣው ደልዳላ መሬት ማግኘት እጅግ ያስቸግራል፤ የመረብ ኳስ ሜዳ ግን በትምህርት ቤት ግቢ ጥግ እንኳ ይገኛል። ደብረ ብርሃን በበኩሏ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከቈረቈራት ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሰፊው ደጋ ላይ የተዘረጋች በመሆኗ፣ የመሬት ችግር የለባትም፤ የሚጎድላት መጠለያ ነው። ከባሕር ወለል 2800 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በዚያ አምባ ላይ ነፋሱ ሲነሣ፣ ለመቺው ተመጥኖ ከመረቡ በላይ የተነሣው ኳስ ከታሰበለት ስፍራ ይሸሻል፤ ልጆቹ የተለማመዱት ጥበብም ለፍሬ ሳይበቃ ይቀራል። እንግዲህ የአንኮበር ችግር መረብና ኳስ፣ የደብረ ብርሃን ችግር ጣሪያና ግድግዳ ያለው አዳራሽ ነው። እነዚህ ሁለት ችግሮች፣ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ያሉ ሲሆኑ፣ አዲስ አበባ ላይ በሚደረገው ምርጫ ድምፅ ያላቸው መሆን አለመሆናቸው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

ጨዋታው ከየት እንደመጣ ጥቂት መናገር ይገባል። ዊልያም ሞርጋን የተባለው አሜሪካዊ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1895፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በሆልዮክ ከተማ፣ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር አዳራሽ ውስጥ፣ የቅርጫት ኳስ ግፊያ ለከበዳቸው ጎልማሶች ብሎ የፈጠረው ነው። ያው ማኅበር፣ እኛ ወወክማ እያልን የምንጠራው፣ በኢትዮጵያም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ወጣቶችን በአዳራሹ እየሰበሰበ እንዲህ ያሉትን ጨዋታዎች አስተምሯል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1947 በፓሪስ 14 አገሮች ተሰብስበው ያቆሙት ሲሆን፣ ጨዋታው ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1964 በቶኪዮ ነው። በአገራችን ግን ጨዋታውን ከከተማ አውጥተው ወደ ገጠር ያደረሱት የትምህርት ቤት መምህራን ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛም ሆነ ከሌሎቹ ማሠልጠኛዎች እየወጡ ወደየወረዳው የተበተኑት ወጣት መምህራን፣ ከጠመኔውና ከመጽሐፉ ጋር መረቡን ይዘው ስለ ሄዱ፣ ስማቸው በየትኛውም የፌዴሬሽን መዝገብ ላይ ሳይጻፍ የስፖርቱ መሥራቾች ሆነዋል። ከዚያም በላይ ያለውን ውድድር የተሸከሙት የጦር ሠራዊቱና የፋብሪካዎቹ ቡድኖች ነበሩ፤ ሙገር ሲሚንቶና ብሔራዊ አልኮል በዚህ ረገድ ለረዥም ዘመን የታወቁ ናቸው፤ በኋላም ወላይታ ድቻ ከደቡብ ተነሥቶ በጨዋታውም በደጋፊውም ብዛት ስሙን አስጠርቷል።

እንግዲህ መምህር፣ ፋብሪካና ሠራዊት ያቆሙት ስፖርት መሪውን የሚመርጠው በማን ድምፅ ነው? በአገራችን ፌዴሬሽኖች ዘንድ የጸናው ልማድ እንደሚታወቀው ነው። ጠቅላላ ጉባኤው በዋነኛነት ከክልሎችና ከሁለቱ የከተማ አስተዳደሮች በሚላኩ ወኪሎች ይቆማል፤ ዕጩም የሚቀርበው በክልሉ ወይም በከተማው ውክልና ነው፤ ምልዓተ ጉባኤው ሲሟላ ድምፅ ይሰጣል፤ ፕሬዚዳንቱና ሥራ አስፈጻሚው ለአራት ዓመት ይመረጣሉ፤ ደመወዝ የላቸውም። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚሠራው ጽሕፈት ቤቱ ሲሆን፣ በጀቱ በአብዛኛው ከመንግሥት ካዝና ይመጣል። ይህ ሥርዓት አንድ መልካም ነገር አለው፤ ገንዘብና ዝና በአዲስ አበባ በተከማቸበት አገር፣ ሩቅ ያለው ክልል ቢያንስ በምርጫው ቀን እኩል ድምፅ እንዲኖረው ያደርጋል። ይህን መካድ አይገባም።

ሕጸጹ ግን ወኪሉ ራሱ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ይገለጣል። አንኮበር ወረዳ ነው፤ ከወረዳው በላይ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው የሰሜን ሸዋ ዞን አለ፤ ከዞኑ በላይ መቀመጫው ባሕር ዳር የሆነው የአማራ ክልል አለ፤ ከክልሉ በላይ የአገሪቱ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። በጎረቤላ ትምህርት ቤት ልጆችን የሚያሠለጥን መምህር፣ ሐሳቡ በእነዚህ እርከኖች ሁሉ አልፎ በጉባኤው ላይ እንዲሰማ ቢፈልግ፣ በየእርከኑ የሚያገኘው የስፖርት ባለሥልጣን በመረብ ኳስ ተጫዋቾች የተመረጠ ሳይሆን በመንግሥት ሥራ የተመደበ ሰው ነው፤ ያም ሰው በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊዛወር ይችላል። በመጨረሻ ስለ ሰሜን ሸዋ የሚናገረው ወኪል፣ ስለ ጎጃምም ስለ ጎንደርም ስለ ወሎም በአንድ አፍ የሚናገር ነው። ክልሉ ጸጥታ ባጣባቸው በእነዚህ የቅርብ ዓመታትማ፣ ወረዳውን ከዞኑ የሚያገናኝ ስብሰባ መጥራት እንኳ ከባድ ሆኖ ስለ ከረመ፣ የውክልናው ሰንሰለት ይበልጥ ላልቷል።

በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር ያለ ማንም ዕድርተኛ ይህን ቢሰማ ይደነቃል፤ የዕድሩን ዳኛ የሚመርጠው በየወሩ መዋጮውን የሚከፍለው፣ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ለቀብር የሚወጣው አባል ራሱ ነውና፤ ሳይከፍልና ሳይቀብር መጥቶ ዳኛ ልምረጥላችሁ የሚል ሰው ቢነሣ ከጉባኤው መካከል ማንም አያስቀምጠውም። በመረብ ኳስ ዘንድ ግን ተጫዋቾቹን ቀጥሮ፣ ደመወዝ ከፍሎ፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያጓጉዘው ክለብ፣ ፉጨቱን ይዞ የሚቆመው ዳኛ፣ የሚያሠለጥነው አሠልጣኝ፣ ጉልበቱን የሚያፈሰው ተጫዋች፣ ሸክሙን ሲሸከሙ ድምፃቸው ግን በክልል ወኪሎች ድምፅ ሲዋጥ ይታያል።

ሸዋ የመሪ መተካካት ጥያቄ እንግዳ የሆነበት አገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሸዋው ገዥ ራስ ወሰን ሰገድ በተገደሉ ጊዜ፣ ታላቅየው ልጅ ከመርሐ ቤቴ ሳይደርስ ታናሽየው ሣህለ ሥላሴ ቀድመው ደርሰው ሥልጣኑን ያዙ፤ ኋላም አንኮበርን መናገሻ አድርገው ለብዙ ዘመን ገዙ። መልካም ገዥ መሆናቸው ቢመሰከርላቸውም፣ ወደ ሥልጣን ያደረሳቸው ደንብ ቀድሞ መድረስ ነበር። ከዚህ የተለየ ሥርዓት ለሚሻ፣ በሐዋርያት ዘመን የሰባቱ ዲያቆናት ነገር ይታሰብ፤ በማዕድ አገልግሎት ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ከመካከሉ የተመሰከረላቸውን ሰዎች መርጦ ያቀረበው ምእመኑ ሲሆን፣ ሐዋርያት አንብሮተ እድ ፈጽመው ሾሟቸው። ምርጫ የሕዝቡ፣ ሢመት የአባቶች ሆኖ ሁለቱ ተለይተው ቆሙ። በፌዴሬሽኖቻችን ግን፣ መዝግቦና አጽድቆ ዕውቅና መስጠት ብቻ የሚገባው የመንግሥት ክንድ፣ በክልል ወኪሎች በኩል መራጭም ሆኖ ስለሚገኝ፣ ምርጫና ሢመት ተደባልቀዋል። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ መደባለቅ ምን እንደሚያስከትል ከእግር ኳሱ ተምረናል፤ ትምህርቱም ውድ ነበር። በ2000 ዓ.ም. አንዱ ወገን የፌዴሬሽኑን መሪ አነሣሁ፣ ሌላው ወገን ሕጋዊው መሪ ያው ነው እያለ ሲከራከር፣ ፊፋ ያቀረበው የመፍትሔ መንገድ በጊዜው ሳይፈጸም በመቅረቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፍ እግር ኳስ ታገደች፤ ለ2010 የዓለም ዋንጫ በሚደረገው ማጣሪያ የተጫወተቻቸው ጨዋታዎችም ተሠረዙ። ጥፋቱን ያደረሱት በጉባኤ የሚከራከሩት ሲሆኑ፣ ቅጣቱ የወደቀው በሜዳ ላይ ባሉት ልጆች ላይ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልሆነም፤ በ2010 ዓ.ም. ምርጫው ደጋግሞ ከተራዘመ በኋላ ነው ግንቦት ላይ በሠመራ ተደርጎ አቶ ኢሳያስ ጅራ የተመረጡት፤ በነሐሴ 2014 ደግሞ በጎንደር እንደገና ተመርጠዋል። የጉባኤው ስፍራ ከዋናው ከተማ ወጥቶ ወደ ሠመራና ወደ ጎንደር መሄዱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ስፍራው ብቻ ሲለወጥ የመራጩ ጥያቄ አብሮ አይለወጥም።

አትሌቲክሱ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ኢትዮጵያ ከሪዮ ኦሊምፒክ በአልማዝ አያና በኩል አንድ ወርቅ ብቻ ይዛ በተመለሰችበት ወቅት፣ ስመ ጥር ሯጮች ተሰብስበው የስፖርቱ አመራር በሙያው ሰዎች እጅ ይግባ ብለው ተነሡ፤ ጥቅምት 2009 ላይም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ነገሩ ተፈጸመ ብለን ነበር። ኃይሌ ግን የአራት ዓመት ዘመኑን ሳይፈጽም ኅዳር 2011 ላይ ኃላፊነቱን ለቀቀ፤ ደራርቱ ቱሉ ተተካች፤ ታኅሣሥ 2017 ላይ ደግሞ ስለሺ ስህን ተመረጠ። ሦስቱም በኦሊምፒክ ሜዳሊያ የተከበሩ ናቸው፤ ሆኖም ወደ ዕጩነት የሚያስገባው በር የክልል ወይም የከተማ አስተዳደር ውክልና በመሆኑ፣ ለሯጩ ቢቆሙም ጥሪያቸውን የሚያጸናላቸው ሯጩ አልነበረም። ስለዚህ መሪው ከሜዳው የወጣ ይሁን የሚለው አሳብ፣ ምንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ብቻውን ነገሩን አይፈታም። ከሜዳው የወጣ መሪ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት የሚሻ ይድነቃቸው ተሰማን ያስታውስ፤ ተጫውቶ፣ አሠልጥኖ፣ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን መርቶ፣ ኋላም ከ1972 እስከ 1987 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እስከ ዕለተ ሞቱ አስተዳድሯል።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ እርሱም የገንዘብ ነገር ነው። ዓለም አቀፎቹ የስፖርት ድርጅቶች መንግሥት በፌዴሬሽን ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ አጥብቀው ያዛሉ፤ ጎረቤታችን ኬንያ በ2022 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በዚሁ ምክንያት ከፊፋ ታግዳ እስከ ኅዳር ቆይታለች። እኛ ዘንድ ግን መንግሥት በጀቱን ካቆመ የመረብ ኳስ ብሔራዊ ቡድን የአውሮፕላን ቲኬት የሚገዛለት ያጣል፤ በፋብሪካ የሚደገፈው ክለብም ፋብሪካው ሲዳከም አብሮ ይዳከማል። መንግሥት ይውጣ ማለት ለሚናገረው ይቀላል፤ ማን ይተካው ለሚለው ግን መልስ የሚሰጥ አልተገኘም። እኔ የሚታየኝ፣ ገንዘቡን የሚሰጥ ክፍል ሒሳቡን የመመርመር ሙሉ መብት ይኑረው፤ ድምፅ የመስጠት መብት ግን አይጨመርለት የሚል ነው። ሒሳብ መመርመርና መሪ መምረጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የ1990 ዓ.ም. የስፖርት ፖሊሲም የሕዝቡን ተሳትፎና ባለቤትነት ዓላማው አድርጎ የተነሣ በመሆኑ ይህን አይቃወምም።

የዘመን ገደብ ጉዳይም አለ። ዓለም አቀፉን የመረብ ኳስ ፌዴሬሽን ፈረንሳዊው ፖል ሊቦ ከመሥራቹ ጉባኤ ጀምረው 37 ዓመት፣ ሜክሲኮአዊው ሩቤን አኮስታ ከእርሳቸው በኋላ 24 ዓመት መርተውታል፤ ሁለት ሰዎች ብቻ 61 ዓመት ማለት ነው። ዛሬ ያ ልማድ እየተለወጠ ነው፤ በአፍሪካም ሞሮኳዊቷ ቡሽራ ሐጂጅ በ2020 የአህጉሩን ኮንፌዴሬሽን ለመምራት ተመርጣለች። በኢትዮጵያ የሴቶች መረብ ኳስ ከወንዶቹ ያላነሰ ታሪክ እያለው፣ በጠቅላላ ጉባኤ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሴቶች ቁጥር ግን ከዚያ ታሪክ ጋር አይመጣጠንም።

ስለዚህ የሚቀጥለው ጉባኤ ሲጠራ፣ ከዕጩዎቹ ስም በፊት መመርመር ያለበት የመራጮቹ መዝገብ ነው፤ ክለቦች በራሳቸው ስም ይመዝገቡበት፤ የዳኞች፣ የአሠልጣኞችና የተጫዋቾች ማኅበራት፣ ከእነርሱም ጋር ስፖርቱን በትምህርት ቤት የሚያሳድጉት መምህራን፣ ከክልል ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ሳይጠይቁ ወኪል ይላኩ፤ ክልሎችም ድምፃቸው ሳይወሰድባቸው ወኪላቸውን በዞኖቻቸው ጉባኤ አስመርጠው ይላኩ። ዕጩዎች ከምርጫው ሦስት ወር አስቀድሞ ዕቅዳቸውን በጽሑፍ ያውጡ፤ ያ ጽሑፍ ለደብረ ብርሃንና ለአንኮበር ትምህርት ቤቶችም ይድረስ፤ የመረቡ፣ የኳሱና የአዳራሹ ነገር በስንተኛው ገጽ ላይ እንደ ሰፈረ መምህራኑ ራሳቸው አንብበው ወኪላቸውን ይጠይቁ።